አዳማ ላይ በአንድ ምጣድና በ25 ኪሎ ጤፍ ብር ከዜሮ መጀመር፦ የእንጀራ ሥራ የምታውቁ እስቲ

የፍራንኮው

ሰላም የቤቱ ሰዎች። የእህቴ የልብስ ሱቅ ከነዕቃው ተቃጥሎ ባዶ እጇን ቀርታለች። አሁን ያላት ገንደ ሀራ አካባቢ የተከራየችው አንድ ክፍል፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድና 25 ኪሎ ጤፍ የሚገዛ ብር ብቻ ነው። እንጀራ ጋግራ ለመሸጥ አስባለች። የቤት እንጀራ ላይ እጇ ጥሩ ነው፤ ለገበያ ግን ጋግራ አታውቅም።

በየት በኩል ትጀምር? ከ1 ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ ይወጣል ብላ ታስላ? የኪራይ ቤት መስመር ምጣዱን ይችላል ወይ? ሆቴሎች «በየ15 ቀኑ እንከፍላለን» ይላሉ፣ ትቀበል ወይስ ይቅርባት? «አይዞሽ» የሚላት ዘመድ ሞልቷል፤ እዚህ የምፈልገው ቁጥሩንና የሚበላሸውን ነገር ነው።

ባለምጣድ

ወንድሜ፣ ጤፉን ባንዴ እንዳትገዛ። መጀመሪያ የሰው ዱቄት ትጋግር። ጤፋቸውን ራሳቸው አስፈጭተው ጋጋሪ የሚፈልጉ ብዙ ቤቶች አሉ፤ ክፍያው በእንጀራ ቁጥር ነው። ብሯ ሳይነካ የምጣዷን ጠባይ፣ የአዳማን ሙቀትና የራሷን ፍጥነት ታውቃለች። ሥራው ሳይጀመር ሁለት ነገር ቁርጥ ይሁን፦ መብራቱን ማን ይከፍላል፣ ከኪሎው ስንት እንጀራ ይጠበቃል። ባለዱቄቷ ቁጥሩን በልቧ ይዛ ስለምትመጣ፣ ቀድሞ ያልተነገረ ውፍረት ነው ጭቅጭቅ የሚያመጣው።

ከዚያ የራሷን 10 ኪሎ ትጀምር። 10 ኪሎ ተጋግሮ ተሸጦ ብሩ ሲመለስ እንደገና 10 ኪሎ። የቀረው የ15 ኪሎ ብር መጠባበቂያ ነው፤ አንድ ቡሆቃ ሊጥ ቢበላሽባት ከሥራ እንዳትወጣ።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ወፈር ያለ የቤት እንጀራ ከሆነ ከኪሎው 4 ወይም 5 ነው የሚወጣው። ለገበያ የሚሆነው፣ 350 ግራም አካባቢ የሚመዝነው፣ 6 ያህል ይወጣል። 7 እናወጣለን የሚሉ አሉ፤ ያ እንጀራ ወጥ ሲፈስበት ይበጣጠሳል፣ ምግብ ቤት አንድ ጊዜ ገዝቶ ሁለተኛ አይመለስም። ሚዛን ትግዛ ወይም ትዋስ፣ የመጀመሪያዎቹን 20 እንጀራዎች አንድ በአንድ ትመዝን። ብዙዎች የሚከስሩት በጤፍ ዋጋ ይመስላቸዋል፤ ጠዋት 330 ግራም የነበረው እንጀራ እጅ ሲደክም 420 ሲሆን የሚያስተውለው ግን የለም።

አሁን ሊጡ። ለ10 ኪሎ፦ ዱቄቱን ነፍታ ከ1 እስከ 1 ሊትር ተኩል እርሾ፣ ከ10 እስከ 12 ሊትር ውሃ እየጨመረች እብጠት እስኪጠፋ ታሽ። ከላይ ጥቂት ሊትር ውሃ አፍስሳ ትክደን። አዲስ አበባ 3 ቀን የሚፈጀው ሊጥ አዳማ ላይ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል፤ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ከዚያም ያጥራል። ከአዲስ አበባ የመጣ ጋጋሪ እዚህ እንጀራው የሚኮመጥጥበት ሌላ ምክንያት የለውም፣ በለመደው ቀን ስለሚቆጥር ነው። በሰዓት ሳይሆን በዓይንና በአፍንጫ ትከታተል፦ ሊጡ ወደ ታች ረግቶ ከላይ ቢጫ ውሃ ሲያቀር ደርሷል። ያን ውሃ ትቅዳ፤ ጥቂቱን ለቀጣዩ እርሾ በንጹሕ ዕቃ ታስቀር።

አብሲቱን እንዳትዘለው። ከሊጡ 1 ሊትር ተኩል ያህል ወስዳ ከ4 ሊትር ውሃ ጋር ሳታቋርጥ እያማሰለች ታፍላው፤ ወፈር ብሎ ሲንተከተክ ታውርደው። ጣት ሳያቃጥል ሞቅ ብሎ ሲደርስ ወደ ሊጡ ትመልሰው። ፍል እንዳለ ከመለሰችው እርሾውን ይገድለዋል፤ ያ ቡሆቃ ኩፍ አይልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ከአብሲቱ በኋላ 1 ወይም 2 ሰዓት ቆይቶ ኩፍ ይላል፤ ያኔ በውሃ አቅጥና ሳትዘገይ ትጋግር።

ሽያጩ የየዕለት ሲሆን አንድ ቡሆቃ አይበቃም፤ ሦስት ያስፈልጋል። ዛሬ የሚጋገረው፣ ለነገ የሚደርሰው፣ ዛሬ የተቦካው። ክዳኑ ላይ የተቦካበትን ቀንና ሰዓት በፕላስተር ትለጥፍበት። ዕቃው የምግብ ፕላስቲክ ይሁን፤ የቀለም ባልዲ ቢታጠብም ሽታው ወደ ሊጥ ይገባል።

የሚያጋጥማት ብልሽት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ዓይን ካላወጣ ምጣዱ አልጋለም፣ ወይም ሊጡ ወፍሯል፣ ወይም ከአብሲት በኋላ ኩፍ እስኪል አልተጠበቀም። ዓይን አውጥቶ ግን ጣት ላይ የሚጣበቅ እርጥብ ከሆነ ቶሎ ወጥቷል ወይም አብሲቱ በዝቷል። ሲጠቀለል የሚሰነጠቅ ከሆነ አብሲቱ አንሷል ወይም አክንባሎው ዘግይቶ ተከድኗል፤ ዓይኑ ሁሉ እንደተከፈተ ወዲያው መከደን አለበት። ከሥር ከያዘ ምጣዱ ማሟሸት ይፈልጋል፦ የተወቀጠ ጎመን ዘር በጋለ ምጣድ ላይ ነስንሳ በማሰሻ ጨርቅ እስኪጠቁርና እስኪለሰልስ ደጋግማ ትሸው። በውሃ እንዳታጥበው፤ የጋለ ሸክላ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

ሽቦና_ፊውዝ

የመብራቱን ልመልስ፣ ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነውና። ከእሳት ገና ለወጣች ሰው ደግሞ ይህ አይታለፍም።

የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥም አለ። 3,500 ሲካፈል ለ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። ተራው ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው፣ ያውም ርካሹ ስሙን ብቻ ይዞ ነው። ማለት ምጣዱ ሶኬቱን ለሦስት ለአራት ሰዓት በመጨረሻው አቅሙ ያሠራዋል። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ማከፋፈያ ላይ መሰካትማ ጭራሽ አይታሰብም።

ትክክለኛው ከቆጣሪው ቀጥታ ለምጣዱ ብቻ የሚመጣ መስመር ነው፦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ከምጣዱ የብረት አካል ጋር የታሰረ። ወለሉ በሊጥ ውሃ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ የመሬት መስመር የሌለው ምጣድ «ይነዝራል» የሚባለው ለዚህ ነው። ብሬከሩ ሲወድቅ በትልቅ መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ሽቦው ሳይወፍር ብሬከር ማሳደግ ጠባቂውን ማባረር ነው።

ምጣዱን ማብራት ሳትጀምር አከራዩን ታነጋግር። ግቢው ውስጥ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ከሆነ፣ እሷ ምጣድ ባበራች ቁጥር የሌላው መብራት ይፈዛል፤ የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ወደ እሷ ይዞራል። የቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሄደው፣ ፍጆታ ሲጨምር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም ይጨምራል። 3,500 ዋት ለ3 ሰዓት ማለት በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል፣ በወር 25 ቀን ብትጋግር 260 ያህል። ይህ የግቢውን ሁሉ ሒሳብ ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ለምጣዱ መስመር ብቻ ንዑስ ቆጣሪ ታስገባ፤ የበላችው ቁጥር ላይ ስለሚታይ ክርክር የለም።

ሁለተኛ ምጣድ ካሰበች ቆም ትበል። ሁለት ምጣድ 32 አምፔር ነው፣ ለተራ የቤት መስመር ከባድ ነው። ያኔ ጥያቄው ሦስት ፌዝ (ከተራው የቤት መስመር የበለጠ ጭነት የሚችል መስመር) ይሆናል።

አንድ ተጨማሪ፦ ከምጣዱ አንዱ ወገን እየገረጣ ሌላው ካረረ ሬዚስታንሱ (ሸክላውን የሚያግለው ሽቦ) ተበጥሶ በመጠምዘዝ ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል። የተጠመዘዘው ቦታ ከሌላው በላይ ይግላል፣ ሸክላውን ከዚያው ይሰነጥቀዋል። ሙሉውን መቀየር ይሻላል።

ሒሳብ_በደብተር

ከላይ ያሉት ጥሩ ብለዋል፣ እኔ ብሩ ላይ ልቁም። የምጠቀምባቸው ዋጋዎች ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው፤ የሳምንቱን ዋጋ አስገብታ ራሷ ትሥራው።

ዱቄቱ ከነማስፈጫው በኪሎ 150 ብር ይሁን፣ ከኪሎው 6 እንጀራ። አንዱ እንጀራ ዱቄት ብቻ 25 ብር ያዘ። 32 ብር ብትሸጠው 7 ብር ተረፈ ትላለች። አልተረፈም። ከ7ቱ ላይ መብራት፣ ፌስታል፣ ባጃጅ፣ የቤት ኪራይ ድርሻና ጉልበቷ ይወጣል። በ10 ኪሎ 60 እንጀራ፣ ከዱቄት በላይ የሚገኘው 420 ብር ነው። አሁን ከ60ው 6 ሳይሸጥ አድሮ ቢጣል 192 ብር ጎደለ፤ ከትርፉ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በዚህ ሥራ ሰው የሚወድቀው በዚች ነጥብ ነው። ስለዚህ ያልታዘዘ እንጀራ አይጋገር። ማታ ስልክ ደውላ የነገውን ቁጥር ትያዝ፣ አብሲቱን በዚያ ልክ ትሥራ።

የሆቴሉ 15 ቀን፦ በቀን 30 እንጀራ በ15 ቀን 450 እንጀራ ነው፣ 75 ኪሎ ዱቄት። ያላት 25 ኪሎ ነው። በአምስተኛው ቀን ዱቄት አለቀ፣ ሆቴሉ ግን ገና 10 ቀን ቀረው። «ትልቅ ደንበኛ አገኘሁ» ብሎ የተዘጋ ብዙ ነው። እንቢ ማለት የለባትም፤ እንዲህ ትበል፦ «ዱቄቱን እናንተ አምጡ፣ እኔ ጋግሬ የጉልበቴን በ15 ቀን ትከፍሉኛላችሁ።» ካልሆነ ከዕለቱ ምርት በዱቤ የሚወጣው ከሲሶ አይበልጥ። የቀረውን እጅ በእጅ ለሚገዙ ታድርገው፦ በመናኸሪያ ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ምግብ ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲው አካባቢ ተማሪ የሚበላባቸው ቤቶች፣ የሰፈር ሱቆች። ሱቅ ላይ ስታስቀምጥ ያልተሸጠው ለማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ይወሰን። ባለሱቁ «ያልተሸጠውን ሁሉ እመልሳለሁ» ካለ ኪሳራውን በሙሉ እሷ ነች የተሸከመችው፣ ኮሚሽኑ በዚያ ልክ መቀነስ አለበት።

ደብተሯ ላይ የዱቄቱ ብር ለብቻው ይቀመጥ። በየቀኑ ከሽያጩ መጀመሪያ የሚነሳው የነገው 10 ኪሎ ዋጋ ነው፣ ቀጥሎ መብራት፣ ከዚያ የሚተርፈው ለቤት። በተቃራኒው ከሄደ ወር አይሞላም።

ዕቁብ ትግባ ወይ ብትሉኝ፣ ትግባ፣ ግን ከሁለተኛው ወር በኋላ። የቀን ዕቁብ ሽያጯ ሳይረጋ ከጀመረች ዕጣው ሳይደርሳት የዱቄቱን ብር ትከፍላለች። ዕጣው ሲወጣላት የሚገዛው ጤፍ ነው፣ ቲቪ አይደለም (ይቅርታ፣ ግን የታየ ነገር ነው)። ብድር ከፈለገች የቡድን ዋስትና የሚቀበሉ አበዳሪዎች አሉ፤ መታወቂያና የንግድ ፈቃድ ስለሚጠይቁ በወረዳዋ ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ቀደም ብላ ታውጣ።

የፍራንኮው

በጣም አመሰግናለሁ፣ ቁጭ ብለን በደብተር እየሠራነው ነው። ሦስት ነገር ቀረኝ። ሊጡ ደርሶ መብራት ቢጠፋስ? ሩዝ ቀላቅላ ዋጋውን ብታወርድስ? ጤፉንስ ዱቄት ትግዛ ወይስ እህል?

ባለምጣድ

መብራት፦ አብሲት ያልገባበት ሊጥ ከሆነ የላይኛውን ቢጫ ውሃ ቀድታ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ትተካበት፤ ኩምጣጤው በረድ ይላል፣ ግማሽ ቀን ታተርፋለች። አብሲት ከገባ ግን ጊዜ የለም፣ በ4 ወይም በ5 ሰዓት ውስጥ ካልተጋገረ ኩፉ ይወርዳል። ስለዚህ አብሲቱን መብራት መኖሩን ሳታይ አታፍላ። ከለሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ መጋገር የሚጠቅመው ለዚህም ነው፤ ያን ሰዓት መስመሩ ላይ ጫና የለም፣ ምጣዱ ቶሎ ይግላል፣ እንጀራውም ምግብ ቤቶች ከሚፈልጉበት ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቀዝቅዞ ይደርሳል።

መጠባበቂያ ካሰበች «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ትይ። ከሲሚንቶና ከፑሚስ ድንጋይ የሚሠራው ክቡ የእንጀራ ምድጃ ነው፤ ሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው እንጨት ግማሽ ያህሉን ይቆጥባል። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ግን አይነደድም፤ ጭሱ አለ፣ ለአከራዩም አይመችም። ግቢ ጥግ ጣራ ያለው ቦታ ካላገኘች ይቅርባት።

ሩዙን በተመለከተ፣ ከአምስት እጅ እስከ አንድ እጅ ቢገባ ዓይኑ ላይ ብዙ ለውጥ የለውም፣ ንጣቱም ያምራል። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው፦ ሩዝ ያለበት እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፣ ጠዋት ያማረው ማታ ይሰባበራል። ለዕለቱ ምሳ ለሚጨርስ ምግብ ቤት ይሆናል፣ ለሚያሳድር ቤተሰብ አይሆንም። ቀላቅላ «ንጹሕ ጤፍ» ካለች ግን አለቀላት። የጀሶና የሰጋቱራ እንጀራ ወሬ ከተሰማ ወዲህ ገዢው ሁሉ ተጠራጣሪ ሆኗል። ሁለት ዓይነት ትጋግር፣ ሁለት ዋጋ ትናገር፣ ፌስታሉን በቀለም ትለይ።

የአዳ_ጤፍ

እህል ትግዛ፣ ዱቄት አትግዛ። ዱቄት ውስጥ ምን እንደገባ በዓይን አይታይም፤ እህሉ ላይ ግን አፈር፣ እንክርዳድና አሮጌ ጤፍ ይለያል። እፍኝ ጤፍ መዳፏ ላይ አሽታ ትንፋ፤ አቧራው ብዙ ከሆነ ከኩንታሉ ኪሎዎች በብጣሪ ይጠፋሉ፣ የከፈለችበት ደግሞ በሙሉ ነው። በርጥበት ያደረ ጤፍ ይሸታል፣ ሊጡም አይነሳም።

ለዚህ ገበያ ማኛ አያስፈልጋትም። ደህና ነጭ ወይም ሠርገኛ ይበቃል፤ ሠርገኛው ርካሽ ነው፣ ምግብ ቤት የሚፈልገውም ልስላሴውን ነው። አዳማ ዕድለኛ ናት፣ የአዳና የሞጆ ጤፍ በቅርብ ነው። አዲሱ ጤፍ ተወቅቶ ገበያ የሚገባው ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው፤ ጥርና የካቲት ላይ ረከስ ይላል፣ ክረምቱ ሲወጣ ይወደዳል። ብር ያጠራቀመች እንደሆነ ኩንታል መግዣዋ ጥርና የካቲት ነው። አዲስ ጤፍ ከአሮጌው ያነሰ ውሃ ስለሚይዝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃውን ትንሽ ትቀንስ።

ወፍጮ ቤት ተራ ስትይዝ ከጤፍ አስፈጪ ቀጥላ ትሰለፍ። ከበቆሎ ወይም ከሽሮ በኋላ ከገባች የመጀመሪያው ኪሎ ድብልቅ ነው የሚወጣው። ዱቄቱ ትኩስ ነው፤ ቤት እንደደረሰ በንጹሕ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ሳይቀዘቅዝ በጆንያ ከታሰረ ላብ ይዞ ይጓጉላል።

ደረቅ_ስንቅ

ለምን እንጀራ ብቻ? ዳቦ ቆሎ ሳምንታት ይቆያል፣ አይሻግትም፣ የመንገደኛ ከተማ ናት፣ አውቶቡስ ላይ ይሸጣል። ጋገራው ሲያልቅ ምጣዱ ላይ የቀረው ግለት ለቆሎም ይበቃል።

ባለምጣድ

ዳቦ ቆሎው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን በእንጀራ ምጣድ ላይ አይሁን። ደረቅ እህል ሲገላበጥ በጎመን ዘር የለሰለሰውን ፊት ይፍቀዋል፣ በማግስቱ እንጀራው ይይዛል። የብረት ምጣድ በከሰል ትጠቀም። ሥራውንም ሁለተኛ ታድርገው፤ ዳቦ ቆሎ ቢቆይም ቀስ ብሎ ነው የሚሸጠው፣ እሷ ደግሞ የምትፈልገው በየቀኑ የሚመለስ ብር ነው።

ላልተሸጠ እንጀራ የሚሻለው ድርቆሽ ነው። ቅድሚያ ግን እንዳይተርፍ፣ እንዳይበላሽም፦ ትኩሱን እርስ በርስ አትደራርብ፣ በፌስታልም አትክደን። ከምጣድ በሰፌድ አውጥታ ጨርቅ ላይ ለደቂቃዎች ይተንፍስ፣ ከዚያ ይደራረብ። በላቡ የታሸገ እንጀራ በአዳማ ሙቀት ሦስተኛው ቀን ላይ ሻጋታ ያወጣል።

ማታ የተረፈውን እዚያው ማታ ትቆራርሰው፣ «ነገ ይሸጥ ይሆናል» ብላ አታሳድር። ጎምዝዞ የደረቀ ድርቆሽ ገዢ የለውም። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታ በስስ ሻሽ ትሸፍነው፣ የአዳማ ንፋስ አቧራ ያመጣልና። 1 ወይም 2 ቀን ፀሐይ ይበቃዋል፤ ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከተጣጠፈ ገና ነው። አየር በማያስገባ ዕቃ ወራት ይቆያል። ገዢዎቹ ተማሪዎች፣ ወደ ሩቅ የሚሄዱ ሾፌሮችና ለውጭ አገር ዘመድ የሚልኩ ናቸው፤ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ዋጋ ስትተምን ግን አንድ ኪሎ ድርቆሽ ወደ 7 እንጀራ እንደሚፈጅ አስገብታ ታስላ፤ በተራ ደረቅ ዳቦ ዋጋ የሚሸጡት ይህን ስላልመዘኑ ነው።